ዓይን ተጨፍኖ የገባ ጎደሬ

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከቃሪያ ጋር በድንጋይ ሲደቆስ በሸተተው ቁጥር፣ ኤርካሎ ገና እጮኛ ሳለ የአስካለችን ቤተሰቦች ሊጠይቅ ጉኑኖ የሄደበት ቀን ትዝ ይለዋል። የዳጣው ሽታ ከደጅ ተቀብሎት አፉ ውኃ ሞላ። ገብቶ ሲቀመጥ ግን የቀረበለት ዳጣው ብቻ ነበር። አብሮ የሚበላውን ጎደሬ አስካለች ለመንገደኛ ሰጥታዋለች።

«ጌታ ያዘጋጃል» አለችው አንገቷን ደፍታ። እርሱም ሳቀና አገባት።

ዓመታት አለፉ። ኤርካሎ ከመምህርነት ጡረታ ወጣ፤ አስካለች ግን ከመስጠት ጡረታ አልወጣችም።

ባለፈው ረቡዕ የእኅቶች የጸሎት ተራ ሶዶ ካለው ቤታቸው ደረሰ። ለዐሥራ ሁለቱ ሴቶች አስካለች በጠዋት አንድ ትልቅ ድስት ጎደሬ ቀቀለች፤ ዳጣውንም ደቆሰች። ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ጎረቤታቸው ብርቄ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የልጇ አማቶች ከሻንቶ ሳይታሰብ ዱብ ብለውባታል፤ ቀኑ ጾም ነው፤ እቤቷ ያለው ደግሞ የፍስክ ብቻ።

አስካለች ድስቱን አንሥታ ሰጠቻት።

«እንዳለ?» አለ ኤርካሎ።

«ግማሽ ድስት ለአማት ይቀርባል እንዴ፣ የሩት አባት?»

«የኛዎቹስ? ዳጣ ይላሱ?»

«ጌታ ያዘጋጃል።»

«ጉኑኖም እንዲሁ ብለሽኝ ዳጣ ልሼ ነው የተመለስኩት።»

«ታዲያ ደግመህ አልመጣህም?»

ከሴቶቹ ግማሾቹን ያስተማረው ኤርካሎ ነው፤ «የመምህር ኤርካሎ ቤት እንግዳ ጦሙን ሰደደ» ሲባል እየታየው ላብ አጠመቀው።

ሴቶቹ ዘግይተው መጡ፤ በዚያ ሙቀት ሁሉም ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ጸሎቱም ተጀመረ። እንደ ልማዳቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ኤርካሎን ብቻ ጭንቀቱ ዓይን አላስጨፍን አለው።

ናዝራዊት «ሃሌ ሉያ» እያለች ተነሣች። ከነጠላዋ ሥር አንድ የተከደነ ሳህን ይዛ ጓዳ ገባች፤ ባዶ እጇን ተመልሳ ጸሎቷን ካቆመችበት ቀጠለች። ቀጥላ ትህትና። ቀጥላ እኅት ፈጠነች። ቀኟ የምትሰጠውን ግራዋ እንዳታውቅ፣ እያንዳንዷ ብቻዋን የምታደርገው መስሏታል። ከመካከላቸው ሁለቱማ ጓዳው በር ላይ ግንባር ለግንባር ተጋጩ፤ ዓይናቸውን ግን አልገለጡም፤ «አሜን» ተባባሉና ተላለፉ። ኤርካሎ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ወተፈ።

ኋላ እንደ ሰማው፣ ብርቄ ደጇ ላይ ቆማ ለምታልፈው ሁሉ «የዛሬ ጎደሬያችሁን እኔ ነኝ የወሰድኩባችሁ» ስትል ነበር። እያንዳንዷም ከመንገድ ተመልሳ የጎደለውን ልትሞላ ሄደች።

ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ጓዳ ገባ። ዐሥራ ሁለት ሳህን፤ ክዳኑን ቢያነሣ ጎደሬ፣ ያኛውን ቢያነሣ ጎደሬ። ሰፈሩን ሁሉ ያጠግባል። ከዳር የአስካለች ዳጣ እንደ ተደቆሰ ተቀምጧል። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ብርቄ ጎደሬውን ስትወስድ ዳጣ አልያዘችም።

«ዳጣ የሌለው ጎደሬ ለአማት ይቀርባል እንዴ?» አለ ለራሱ።

ከዳጣው በጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ሞላ፤ ከጎደሬውም ትልቁን ሳህን መረጠ። ሁለቱን ጋቢው ሥር ሸሽጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አሜን፣ አሜን» እያለ በሴቶቹ መካከል አለፈ። ጉልበቱ ወንበር መታ።

አስካለች አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችው። እርሱ ግን «መጣሁ» እንኳ ሳይላት ወደ ብርቄ ቤት ወጣ።