የሕሊና ጸሎት ለገብረእዝጊ

ዱባለ ሲደውል አለም ሰሚት ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ኮንዶሚኒየሙ እያዘገመች ነበር።

«አለምዬ፣ እሑድ ወሎ ሰፈር ሆቴሉ አዳራሽ እንገናኝ። አስመራና አዲስ አበባ በአንድ ሻምፒዮና የተጫወቱበትን የመጨረሻውን ዓመት ልጆች ልናመሰግን ነው። ለሞቱትም የሕሊና ጸሎት አለ። የገብረእዝጊን ስም የማነበው እኔ ነኝ። ፊዮሪንም ይዘሻት ነይ» አላት።

«እሺ» አለች። ሰው ሲደክመው እሺ ማለት ይቀለዋል።

ገብረእዝጊ ባሏ ነው። በዚያ ዓመት ከአስመራው ቡድን ጋር ለጨዋታ የመጣ አጥቂ ነበር፤ ዱባለ ደግሞ የአዲስ አበባው ተከላካይ፣ ቁርጭምጭሚቱን ሲለቅምለት የዋለ። ቡድኑ ያረፈው ኦሎምፒያ አጠገብ፣ አለም በምትሠራበት ፔንሲዮን ነው። ውድድሩ ሳያልቅ መንገድ ተዘጋ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ቆይቶም አገሩ ሁለት ሆነ። ጓደኞቹ እንደምንም ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። በአለም ምክንያት ነው የቀረው ይባል ነበር። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር፣ ምን ትዋሽ!

ፊዮሪ ተወለደች። አራት ዓመት ሲሞላት ሁለቱ አገሮች ጦር ተማዘዙና ገብረእዝጊ «የዚያኛው አገር ሰው ነህ» ተብሎ አውቶቡስ ላይ ተጫነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርዶ መጣ። በሱዳን ዞሮ የገባ አንድ ሰው «ግንባር ላይ ወድቋል» አለ፤ ሌላውም «እኔም ሰምቻለሁ» ብሎ ደገፈው። ስልክ የለ፣ ፖስታ የለ፣ ማን ያጣራ? ድንኳን ተጣለ። አለም ጥቁር ለበሰች፣ ደረቷን ደቃች። ዱባለ ድንኳኑ ውስጥ ከአልቃሽ ጋር አደረ፤ ተዝካሩም በወጉ ወጣ።

የሁለቱ አገሮች ስልክ የተከፈተ ጊዜ ሟቹ ደወለ።

«አለም፣ እኔ ነኝ።»

ድምፁን ወዲያው ለየችው። እዚያ አግብቷል፣ ልጆች አሉት። ስለ ፊዮሪ ጠየቃት። ያ ሁሉ ያፈሰሰችው እንባ አንገበገባትና «እሷ ቀብራሃለች፤ ተዋት!» ብላ ዘጋችው። እሱም እውነት መስሎት ተዋት። ከሁሉ የቆጫት ይኸው ነው፤ ዳግመኛ አለመደወሉ።

ቦሌ ቢሮ የምትሠራው ፊዮሪ ግን በየዓመቱ የአባቷን መታሰቢያ ሳታጓድል ዳቦ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሄዳለች። አለምም ዱቄቱን ትነፋላታለች። የቁም ተዝካር እንኳ ባለቤቱ እያወቀ ነው የሚወጣው! «ዘንድሮ እነግራታለሁ» ትላለች፣ ዘንድሮም ያልፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ቤት ግን ሳይነጋ ስንት ዓመት ሆነው። አለምን ያደከማት ዕድሜ አይደለም፤ ይህ ነው።

እሑድ ዕለት አዳራሹ እያነከሱ በሚተቃቀፉ ሽማግሌ ኳስ ተጫዋቾች ተሞላ። አስመራ ካሉት የመጣ የለም፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ተቋርጧል።

«እማ፣ ሰርፕራይዝ አለኝ» አለች ፊዮሪ ስልኳን እያሳየቻት። «ከሕሊና ጸሎቱ ቀጥሎ ስለ አባዬ ስፒች አለኝ። ጋሽ ዱባለ ፈቅደውልኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ ነው ያደርኩት።»

ልጇ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለቁም ሰው ልታለቅስ ነው።

ዱባለ መነጽሩን አድርጎ «በሕይወት የሌሉትን እናስብ» አለ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ገብረእዝጊ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ፀጥ አለ። ፊዮሪ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

አለም አልተነሣችም። አንድ ጊዜ ከልቧ አልቅሳለታለች፤ ሁለተኛውን አልቻለችም።

«እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለች ፊዮሪ ጎንበስ ብላ። «ውኃ ላምጣልሽ?»

አለም እጇን ያዘቻት። «ቁጭ በዪ።»

«ሰው ቆሟል እኮ።»

«የሚቆመው ለሞተ ነው፣ ልጄ። አባትሽ አልሞተም።»

ፊዮሪ የት እንዳለ አልጠየቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለቻት፣ እጇን እያስለቀቀች። አዳራሹ ፀጥ እንዳለ ስለነበር ዱባለም ሰማ።