ሦስት ድምፅ ባንድ ጊዜ

ሕመሙ የጀመረኝ ጉባኤ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብረ ታቦር ድጓ አስተምራለሁ። እንደ ልማዳችን ሦስት አራት ተማሪ በየፊናው ባንድ ጊዜ ያዜማል፤ እኔ ሁሉንም እየሰማሁ የሳተውን አርማለሁ። ያን ጠዋት ራሴን ወጋኝ። ድምፁ ተደባለቀ። ዜማው ጠፋ። ጩኸት ብቻ ቀረ።

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ከሁሉ የበሰለውን ተማሪዬን ዲያቆን ይበልጣልን "ዜማውን አበላሸኸው!" አልሁት።

"የኔታ፣ እንዳስተማሩኝ ነው ያልሁት።"

ከጉባኤ አስወጣሁት። ሌላውን መጠርጠር ራስን ከመጠርጠር ይቀላል።

ጆሮዬ ተደፍኗል ብዬ ሳምንት ሙሉ ለብ ያለ ዘይት አስጨመርሁ። ለውጥ የለም። ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የጆሮ ምርመራው ደኅና ሆነ። ሐኪሟ ግን አላመነችም፤ ባሕር ዳር ልካኝ ኤምአርአይ ተነሣሁ።

"የኔታ፣ የታመመው ጆሮዎ አይደለም፤ አንጎልዎ ነው። ትንሽ ስትሮክ መትቶዎታል" አለችኝ ውጤቱን አይታ።

መንገዱን አስረዳችኝ። ውስጠኛው ጆሮ ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣል፤ መልእክቱ የአንጎል ግንድ ሲደርስ የሁለቱ ጆሮ ወሬ ይገናኛል፣ ድምፁ ከወዴት እንደመጣም ይለያል። ከዚያ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ማስተላለፊያ በኩል አልፎ ከጆሮ በላይ ወዳለው የአንጎል ክፍል ይገባል። ዜማን ከጩኸት ለመለየት ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። የእኔ የተጎዳው እሱ ነበር።

"ተመልሼ አስተምራለሁ?"

"ቃል አልገባልዎትም። አንጎል ግን ይማራል።"

ፈራሁ። ከዜማ ሌላ ሙያ የለኝም። አለቀስሁ።

ሐኪሟ ያዘዘችልኝን የደም ግፊት መድኃኒት ጀምሬ ጥቂት ስበረታ በሚኒባስ ገሳይ ከተማ ወርጄ፣ ወላጆቹ ቤት የተቀመጠውን ይበልጣልን ይቅርታ ለመንሁት። "ኧረ የኔታ፣ እንዲህ አይበሉ!" ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አብሮኝ ተመለሰ፤ በየጠዋቱ ብቻውን በዝግታ ያዜምልኝ ጀመር፤ ወራት ቆይቶ ዜማው እየጠራልኝ ሲመጣ ሁለተኛ ተማሪ ጨመርን። ሁለት ድምፅ ዛሬ እለያለሁ። ሦስተኛው ሲገባ አሁንም ይደባለቅብኛል።

እንደኔ ድምፅ ድንገት የተደባለቀባችሁ፣ ዘይት አትሞክሩ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ ሳምንት አባክኛለሁ። ሐኪሟን፣ ባለቤቴን፣ ይበልጣልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ተማሪዎቼንም አዝዣለሁ፤ እርማቴ ስሕተት ከመሰላችሁ ንገሩኝ ብዬ። ወራት ሙሉ የደፈረ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ያረምሁት አንዱ ላብ በላብ ሆኖ "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ተሳስተዋል" አለ። ዜማውን አስደገምሁት። እውነቱን ነው። ተነሥቼ ግንባሩን ሳምሁት።