የአባቴ ተራ

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ልጄ ስልኳን እያየች፣ በስዊድንኛ፣ "በፈረንጆች አቆጣጠር በሠላሳዎቹ ዓመታት የተወለደ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አንድም የለም፤ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። አውቅ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ስቶክሆልም ዳርቻ ቴንስታ ሳለን፣ አባቴ ነግረውኛል።

ጥር ነበር። የዓለም ጦርነትን የተዋጉ አዛውንት ፕሬዚዳንት ገና አርባ ስድስት ዓመቱ ለሆነ ሰው ሥልጣን ሲያስረክቡ በቴሌቪዥን እናያለን። በሠላሳዎቹ የተወለዱት አባቴ የገዛሁላቸውን፣ ሴምላ የሚባለውን ክሬም የሞላው ኬክ ሳይነኩ፣ "ከታላላቆቻችን ወደ ታናናሾቻችን። እኛን ዘለሉን" አሉ።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። አባቴ አገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ ሆነው፣ ሹመታቸው ደረሰ ሲባል አብዮቱ መጣና ወንበሩን ወጣት መኮንኖች ያዙት። ስቶክሆልም ውስጥ የቀረቻቸው ተራ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢነት ነበረች። ሰብሳቢው በእርጅና ሊለቁ ነው፤ ምክትላቸው አባቴ ናቸው።

የምርጫው እሑድ በረዶ ሲጥል ዋለ። በምድር ባቡሩ፣ በቱነልባናው ውስጥ፣ አባቴ ከረባታቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። የተከራየነው አዳራሽ እርጥብ ካፖርትና ምስር ወጥ ይሸታል። የአባቴ ስም ተጠቆመ። ቀጥሎ ከወጣቶቹ አንዷ ተነሥታ የእኔን ስም ጠራች።

"ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር፣ በቋንቋቸው የሚነጋገር ሰው ያስፈልገናል" አለች።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንተም?" አሉኝ።

"አላወቅሁም፣ አባባ። አሁኑኑ እምቢ እላቸዋለሁ።"

ልነሣ ስል ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። "ተቀመጥ። ልጄ አዝኖልኝ የለቀቀልኝ ወንበር ላይ አልቀመጥም።"

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማንሣት ነው። ለአባቴ እኩዮቻቸው አነሡ። ስሜ ሲጠራ አንገቴን ደፋሁ። ክንዴን የያዘው እጃቸው አልላላም፤ ቀና ስል ሌላኛው እጃቸው ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ እጅ ተነሣ፤ ተመረጥሁ።

እስከ ፋሲካ ድረስ ንግግራችን ከሰላምታ አላለፈም። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል፣ አንድ ቀን ወደ ገበያ ስንሄድ፣ "ስብሰባ ላይ ስትናገር እጅህ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው" አሉኝ። ቀጥለው ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። እኔ ግን ዕንባዬን ለመመለስ ወደ ሌላ አየሁ።

ልጄ ታሪኩን ሰምታ፣ "አያቴ ይቅር አሉህ?" አለችኝ። በመካከላችን በደል እንዳልነበረ ነገርኳት። ዛሬ እሳቸው ያኔ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ያንን እጅ ለማንሣት ምን ያህል ጉልበት እንደጠየቃቸው የገባኝ ግን ገና አሁን ነው።