ዝናብ የማይዘንብበት ግቢ

ኦማን፣ መስካት ውስጥ የመኪና መግቢያ ንጣፍ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ የጎማ መዶሻ ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ሦስት ዓመት ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ስላስተማርኩ እጄ የሚያውቀው ጠመኔ ብቻ ነበር። ፎርማናችን ራፊቅ የሚባል ፓኪስታናዊ ሙያዬን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና "ሙደሪስ" አለኝ፤ አስተማሪ ማለት ነው። ስሜን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

የሥራው ማዕረግ እንዲህ ነው። ከታች አሸዋ ተሸካሚ አለ። ቀጥሎ ጡብ አቀባይ፣ ከዚያ በመዶሻ አስተካካይ፣ ከዚያ ሲባጎ ወጣሪ። በላያቸው ራፊቅ፣ በራፊቅ ላይ ኢንጂነሩ፣ በኢንጂነሩ ላይ ደግሞ አርባብ የምንለው የቤቱ ባለቤት አለ። ውሃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። አዲስ ለምትመጡ ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ አል ሀይል በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ደረሰን። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ መግቢያው ከውጭው በር ጀምሮ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ከታች ሁለት በሮች ጎን ለጎን አሉ፤ በቀኝ የቤት ሠራተኛዋ ክፍል፣ በግራ መጅሊሱ፣ ማለትም የእንግዳ አዳራሹ። በኢንጂነሩ ንድፍ ላይ ከሁለቱ በሮች ፊት የብረት ፍርግርግ ያለው ቦይ ተሥሏል። ውሃውን ሰብስቦ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ይወስዳል።

አርባብ ሽቶው ቀድሞት መጣና ንድፉን አየ። "ይህ ብረት መኪና ሲያልፍበት ይንኳኳል። እንግዳም ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ይውጣ" አለ።

"አርባብ፣ ሲዘንብ ውሃው ወዴት ይሂድ?" አልኩት።

"ማፊ መጠር" አለ። ዝናብ የለም ማለቱ ነው። ይህን የተናገረው ቤቱ ለመድረስ የጎርፍ ጥልቀት መለኪያ ምሰሶ የተተከለበትን ወንዝ በየቀኑ የሚያቋርጥ ሰው ነው።

ኢንጂነሩ ብዕሩን አወጣና ቦዩን ሰረዘው። ሁለት መስመር በቂ ነበር። ራፊቅም ወደ እኔ ዞሮ "ትምህርት ኻላስ፣ አበቃ። ያላ፣ መዶሻህን ያዝ" አለኝ።

የቤቱ ሠራተኛ እትዬ ጥሩ የጎንደር ሰው ናት። ግቢውን በየጠዋቱ በጎማ ታጥባለች። ንጣፉ ባለቀ ማግስት ጠራችኝ። "አስተማሪው፣ ና እስቲ ይህን እይ።"

ከጎማው የወጣው ውሃ ቀጥ ብሎ ወርዶ የእሷ በር ሥር ተኛ። "አልጋዬን የሚፈልግ ይመስላል" አለች። አልጋዋ ሥር ሻንጣ አለ። ሻንጣው ውስጥ በሚቀጥለው ወር ይዛው የምትሄደው የልጇ የሠርግ ልብስ አለ። ክፍሏ ደግሞ ከአልጋው ሥር ሌላ የዕቃ ቦታ የለውም።

ለራፊቅ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ወደ ሠራተኛዋ ክፍል ነው የሚሄደው?"

"አዎ።"

"ወደ መጅሊሱ አይደለም?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ችግር የለም።"

"በሯ ላይ ደፍ ከሠራሁላት ግን ውሃው ወደ መጅሊሱ ይዞራል። የመጅሊሱ በር ከእሷ በር ከፍ የሚለው በሦስት ሳንቲም ብቻ ነው።"

"ዝናብ የለም ተብለሃል እኮ። የፈለግኸውን ሥራ።"

በምሳ ሰዓት ከተረፈው ጡብ ሁለት ረድፍ ደርቤ ደፍ ሠራሁላት። ስሚንቶውን ያቦካችው ራሷ ናት። "በቀን ሃያ ጊዜ ልዘለው ነው። አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን ልትጨርሰው ነው?" አለች።

"ልብሱን ላተርፍ ነው።"

"እንግዲያው ስሚንቶ ጨምርበት።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰዓት ዘነበ። እኛ ቀጣዩ መንገድ ላይ ነበርን። እትዬ ጥሩ ደወለች። "ና፣ ትምህርትህ መጥቷል" ብላ ዘጋችው።

ስንደርስ የመንገዱ ጎርፍ በትልቁ በር ገብቶ በንጣፋችን ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ንጣፉ በጣም ለስላሳ ነበር፤ በሥራችን ማንም አያማንም። ውሃው ደፉን መታና ወደ ግራ ታጠፈ። መጅሊሱ ውስጥ ምንጣፉ ተንሳፍፏል። አርባብ ነጭ ዲሽዳሻ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ትራስ ታቅፎ ቆሟል። እትዬ ጥሩ ክፍሏ ደርቆ፣ ውሃ መጥረጊያዋን ይዛ እየረዳችው ነበር።

ውሃው ሲጎድል አርባብ ደፉን በጫማው ነካ አደረገው። "ይህን ማን ሠራው?"

ራፊቅ ሰማይ ሰማይ አየ። እትዬ ጥሩ መጥረጊያዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ዝም ብል ጣጣው የእሷ ነው፤ በዚህ ከተማ በአሠሪዋ የተባረረች ሴት ሻንጣዋን እንኳ ላትይዝ ትችላለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ቆጣ ይላል ብዬ ስጠብቅ "ለመጅሊሱም እንዲሁ ሥራ" አለኝ።

"እሠራለሁ። ውሃው በሁለቱም በር መግባት ሲያቅተው ግን ግቢው ውስጥ ይቆምና ወደ መኪናው ይገባል።"

አርባብ መኪናውን አየ። አዲስ ነው፣ ነጭ ነው። ከምንጣፉም ከሠራተኛውም ይልቅ ለረጅም ጊዜ አየው። "ቦዩን ቆፍሩ" አለ።

በዚያው ሳምንት ንጣፉን ሰብረን ቦዩን ቆፈርን። ኢንጂነሩ ያንኑ ንድፍ አምጥቶ ስረዛውን ሰረዘ። ፍርግርጉ ሲገጠም መኪናው አለፈበት፤ አልተንኳኳም። ራፊቅ ለሚቀጥለው አርባብ "እኔ ሁልጊዜ ስለ ቦይ እናገራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

እትዬ ጥሩ በወሩ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ስትወጣ ደፉን ቀስ ብላ ተሻገረችና "ይህን ነገር ለሚቀጥለዋ ልጅ አታፍርሰው" አለችኝ።

መግቢያ ከቤት እየራቀ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ዝቅ ይበል። ወደ ቤቱ የሚወርድ ከሆነ ከበሩ ፊት ቦይ ይቆፈር። ሲባጎ ከመወጠራችሁ በፊትም ግቢውን በየጠዋቱ የሚያጥበውን ሰው ጠይቁ፤ ውሃው የት እንደሚቆም ያውቃል።