ጳጉሜን የማታውቀው ማሽን

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ግቢ ሲያጥበው በመስኮት ቆሜ አይ ነበር። ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ሩፋኤል። ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው አሸንዳው ሥር ይንጫጫሉ። እናቶቻቸው ከበረንዳ ሆነው «በቃ ግቡ!» ይላሉ፤ ከልባቸው ግን አይመስልም። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። የመሥሪያ ቤታችን አዲሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው።

«እትዬ ሰላም፣ ያ እርስዎ የሠሩት ሲስተም ወደ አዲሱ ሰርቨር ተዛውሮ አልቋል። ያለ ምንም ችግር ተነሥቷል። እርስዎ መድከም እንኳን አያስፈልግዎትም።»

«እሰይ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ!» አልኩት፤ ደስም ብሎኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እዚያው መስኮቱ ጋ እንደቆምኩ ጋሽ በየነ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የተቀጠርኩት ከጠመንጃ ያዥ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጫማዬን በር ላይ ጠርጌ ስገባ የቀለምና የወረቀት ሽታ ይቀበለኛል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያጋጥመኝ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰኛል። የሠርግ መጥሪያ፣ ደረሰኝ፣ ከሁሉ በላይ ግን የግድግዳ ካላንደር እናትም ነበር። ማን ምን እንዳዘዘና መቼ እንደሚረከብ የሚይዘው ጋሽ በየነ በወጣትነታቸው የጻፉት ፕሮግራም ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ፤ አማርኛው በላቲን ፊደል። የተጫነበት ማሽን አርጅቶ ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ ላንድሮቨር ያቃስት ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተካ አዲስ ሰርቨር አስገዙና ጠሩኝ። «ወይ የጋሽ በየነን ፕሮግራም እስከ አዲስ ዓመት አዲሱ ላይ ታስነሺዋለሽ፣ ወይ የውጭ ፕሮግራም ገዝተን እሳቸውን እናሳርፋቸዋለን» አሉኝ። «እናሳርፋቸዋለን» ያሉባት ለስላሳ ድምፅ አስፈራችኝ።

ጋሽ በየነ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የማሽኑን ቀን የሚሞሉት በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ መስከረም አንደኛ ወር፣ ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ። ፈረንጅ የሠራት ማሽን ግን የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ መሆኑን ከየት ታውቃለች? ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነች ፌብሩዋሪ ትመስላትና ሃያ ስምንት ላይ ትቆርጣታለች። ከቀሩት አብዛኞቹን ደግሞ ሠላሳ አንድ ታደርጋቸዋለች። ስለዚህ እሑድም ሆነ በዓል፣ ወር ባለቀ ቁጥር ጋሽ በየነ መጥተው ቀኑን በእጃቸው ያቃናሉ። ጳጉሜ ሲመጣማ ይብሳል። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አታውቅምና በየጠዋቱ ወደ ነሐሴ ሠላሳ ይመልሷታል። እኛ ዘንድ ነሐሴ ሠላሳ እስከ እንቁጣጣሽ እየነጋች ትመሽ ነበር። ደንበኛ ሁሉ፣ ሥራ ሁሉ፣ ዝናቡም ጭምር በዚያች በአንዲት ቀን ውስጥ ይገባል። የእንቁጣጣሽ ዕለትም ቀኑን ሊያዞሩ ስለሚመጡ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የዓመቱን ዶሮ በትኩሱ አብልተዋቸው አያውቁም።

ነሐሴ ሲያልቅ ፕሮግራሙን ገልብጬ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩት፤ ተነሣልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስሞላለት ሰርቨሩ ሰዓቴ ተዛባ ብሎ ማንንም አላስገባ አለ። በፈረንጁ ስተውለት ደግሞ ፕሮግራሙ ዘመኑ ሰባት ስምንት ዓመት የሮጠ መሰለውና ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች «ዘግይቷል፣ ዘግይቷል» በሚል ሞላው። የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ ሰይድ፣ ተጫዋች የወሎ ልጅ፣ የሠርግ መጥሪያ ትእዛዝ ሊያይ ገብቶ ነበር።

«ኧረ የኔ እህት፣ በዚህ አያያዝ እኮ እነዚህ ሙሽሮች ወልደው ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተዋል!»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አቶ ተካ ከኋላችን ቆመው ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ጋሽ በየነን አይተው ወጡ።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ማታለል ይቅርብን» አልኳቸው። «እሱ በራሱ አቆጣጠር ይኑር። ለእርስዎ ፕሮግራም ብቻ የእኛን ቀን የሚነግረው አስተርጓሚ እንጻፍለት።»

«ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜም ትገባለች።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ፕሮግራማቸው እንዲኖር ያለ እሳቸው መኖር ነበረበት። እኔ ይህን ያየሁት ቆይቶ ነው፤ እሳቸው ግን ወዲያው ያዩት ይመስለኛል። «በይ ወንበርሽን አምጪ» አሉኝ።

እነዚያን ቀናት ሳስባቸው እንደ ሕልም ናቸው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ከበር ላይ የተገዛ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። እኔ አስተርጓሚውን እጽፋለሁ፤ እሳቸው ስንት ዘመን ያልከፈቱትን የራሳቸውን ጽሑፍ ከፍተው አሥራ ሁለት ያሉበትን ሁሉ አሥራ ሦስት ያደርጋሉ። አንዳንዴ ቆም ይሉና «ይቺን መስመር ስጽፍ አልማዝን ገና ለጋብቻ አልጠየቅኳትም ነበር» ይሉኛል። ከዚያ ዝናቡን እንሰማለን።

በሩፋኤል ጠዋት ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስነሣናቸው። አሮጌው እንደ ልማዱ ነሐሴ ሠላሳ አለ። አዲሱ ግን ጳጉሜ ሦስት ብሎ ጻፈ። ጋሽ በየነ ጽሑፉን በጣታቸው ነኩት።

«መጣሽ?» አሏት።

ከዚያ ያለ ጃንጥላ ወጥተው አሸንዳው ሥር ቆሙ። ሰይድ ከበሩ ሆኖ «ጋሽ በየነ፣ ሹራቡም ይጠመቃል እንዴ?» ሲላቸው እንደ ልጅ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

እንቁጣጣሽ ነግቶ ምግብ አልበላልኝ አለ። ቀኑ ባይዞርስ? መሥሪያ ቤት ስደርስ ጋሽ በየነ ነጭ ጋቢ ለብሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። መስከረም አንድ ይላል።

«ሳልነካው ነጋ» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል፤ እጃቸው ግን ሥራ እንዳጣ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። «እንግዲህ ዘንድሮስ ዶሮዬን በትኩሱ ልብላ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ሰላም፣ ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?»

ቁልፉን የያዙት፣ ከሁላችን ቀድመው የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው! ቀልድ መሰለኝ። «እንደ ወትሮዎ ነዋ ጋሼ!» አልኳቸው እየሳቅኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

አቶ ተካም የውጭውን ፕሮግራም ሳይገዙት ቀሩ። ጋሽ በየነ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መጡ። ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩና ልክ ነው ብለው ይቀመጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ የከለከላቸውም የለም።

ዝናቡ አባርቷል። ሕፃናቱ ገብተዋል፤ አሸንዳው ብቻ ይንጠባጠባል። ስልኬ ላይ ማንም ሳይነካው ጳጉሜ 3 የሚል ተጽፏል። ለኮምፒውተር ባለሙያው ልጅ መልሼ ደወልኩ።

«አቤት እትዬ ሰላም፣ ችግር አለ?»

«የለም። ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ ብዬ ነው።»

እየሳቀ «እንዴ፣ እንደ ወትሮዎ ነዋ!» አለኝ።

እኔም እንደ ጋሽ በየነ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሱ ግን አላየኝም።