መንገዱን ያጠመዘዙ ክቦች

ባለፈው ሳምንት ከገለምሶ ወጣ ወዳለች አንዲት መንደር በባጃጅ ስሄድ መንገዱ ኮረብታ ሥር ደርሶ ድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። «ይህን የቀየሰው ሰውዬ መርቅኖ ነበር መሰለኝ» አለ ሾፌሩ። ከልቤ ሳቅሁ። ሰውዬ ያልከው እኔ ሴትዮዋ ነኝ ማለት ከበደኝ።

መንገዱን ስቀይስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከደሴ መጥቼ ጭሮ በመንገድ ቀያሽነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ማሽላው እሸት ይዟል። ቢሮ ተቀምጬ፣ ያኔ ለእኛ ብርቅ በነበረው የሳተላይት ፎቶ ላይ የአዲሱን መንገድ መስመር ስከተል፣ ኮረብታው ላይ ክብ ክብ ነገሮች አየሁ። የከብት በረት መሰሉኝ። በረት ግን በር አለው፤ እነዚህ ዙሪያቸውን ግጥም ያሉ ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። እኔው ያሰመርኩት መንገድ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃቸዋል። ዶዘሩ ሊገባ የቀረው አራት ቀን ነው።

በማግሥቱ ፎቶውን አትሜ ወደ ቦታው ሄድኩ። ከኮረብታው ሥር የሚኖሩት ባለ ጫት እርሻው ኦቦ ዩያ፣ የተጠበሰ የማሽላ እሸትና ከቡና ገለባ በወተት የፈላ ሆጃ አቀረቡልኝ።

«የድሮ ሰዎች መቃብር ነው፤ አንነካውም» አሉኝ። «ግን ሦስት ብቻ ናቸው።»

«አሥራ አንድ ናቸው፣ ኦቦ ዩያ።»

ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ገለበጡት። «ቤቴ የቱ ነው?» የቆርቆሮ ጣሪያቸውን ባሳየኋቸው ጊዜ «ወላሂ!» ብለው ተነሡ።

ወጣን። አራተኛው ከቁጥቋጦ ሥር ነበር፤ በከዘራቸው ሲቆረቁሩት ድንጋዩ ጮኸ። ከሰባተኛው በኋላ ሁለታችንም እንሮጥ ነበር። እሾህ ቀሚሴን ቀዶታል፣ እሳቸው «ስምንት! ዘጠኝ!» ይላሉ፣ እኔ እጮሃለሁ። አሥራ አንደኛው ዘንድ ቁጭ አሉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተመላለስኩበት ነው። አንቺ ጭሮ ተቀምጠሽ አየሽው!»

ከዚያ ደስታዬ ቀዘቀዘ። መንገዱ እንዲዞር ከተፈለገ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የእሳቸው ጫት ነው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚያ ጫት ነው። መንገዱ በዚህ መሐል እንደሚያልፍ ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ወደ ገደሉና ወደ ጫታቸው አይተው ገባቸው።

«በጫቱ አድርጊው፣ ልጄ።»

«ኦቦ ዩያ፣ ቤተሰቡስ?»

«ሌላ እተክላለሁ። እነዚህ እንግዶቼ ናቸው። ፎቶውን ብቻ ለሰው አታሳዪ፤ ወርቅ አለ ብለው ይቆፍሩታል።»

ያሳየሁት ለአለቃዬ ብቻ ነው። ሥራ ጨመርሽብኝ ብሎ አጉረመረመ፤ ፎቶውን ግን ረጅም ጊዜ አየና ፈረመ። በአራተኛው ቀን ችካሎቹ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ዶዘሩ ኮረብታው ሥር ደርሶ ወደ ጫቱ ታጠፈ። ኦቦ ዩያ ጫቱ ሲነቀል ቆመው አዩ፤ ፊታቸውን አላዞሩም።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። እኔም ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ ልይዝ ነው፤ ጭሮ ዳር ትንሽ የቡና መሬት አለችኝ። አንዳንዴ ከቡናው መሐል ቆሜ፣ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ብትመጣ ምን እላት ይሆን ብዬ አስባለሁ። «በቡናው አድርጊው» ለማለት ልብ ይኑረኝ አይኑረኝ እስካሁን አላውቅም። ብትመጣልኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ! መጀመሪያ አብሬያት ሮጬ አያለሁ።