በከተማው የሚያውቁት ሰው

አስመራ ውስጥ መኪና ለሚከራይ የውጭ አገር ሰው አንድ መስመር ሳይሞላ ቁልፍ አይሰጠውም ነበር። ፓስፖርቱ ይታያል፣ መንጃ ፈቃዱ ይታያል፣ ያረፈበት ሆቴልና የክፍሉ ቁጥር ይመዘገባል፤ ከዚያ በቅጹ ግርጌ «በከተማው የሚያውቁት ሰው ስምና ስልክ» የሚል አለ። አብዛኛው ቱሪስት እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ትናንት በአውሮፕላን የገባ ሰው ማንን ያውቃል? አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ የሆቴሉን ስልክ ይደግመዋል። ያኔ የምሠራበት የመኪና አከራይ ድርጅት ባለቤት፣ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ በመካኒክነት ያረጁ ሽማግሌ፣ ከጓዳ ሆነው «ሆቴል ሰው አይደለም!» ብለው ይጮኻሉ። እውነታቸውን ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም፣ ሰውዬው ኬላ ላይ ቢያዝ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር አንድ ነፍስ ያስፈልጋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቱሪስት የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኞቹ እዚያው አስመራ ተወልደው ያደጉ ጣሊያኖች ናቸው፤ የአባታቸውን መቃብርና የተወለዱበትን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ማን እንደላከው የማይታወቅ መንገደኛ ፈረንጅ ብቅ ይላል። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት ስለማይቻል፣ የተከራዩዋትን ትንሽ መኪና ይዘው ከተማዋን ሲዞሩ ውለው ይመልሷታል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሴቶች ነበርን። እኔ ከመሐል አገር ባለቤቴ በሹመት ሲዛወር ተከትዬው የመጣሁ ነኝ። የተቀጠርኩትም በእጅ ጽሕፈቴ ነው። ቱሪስቱ በራሱ ቋንቋ የሞላውን ቅጽ እኔ በአማርኛ እገለብጣለሁ፤ ግልባጩ ስሙን ጮክ ብለን ወደማንጠራው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እሷ የአስመራ ልጅ ናት፤ ገዛ ባንዳ ሰፈር ተወልዳ፣ የጣሊያን መነኮሳት ዘንድ ተምራ፣ ጣሊያንኛውን እንደ ውኃ የምትጠጣ። እንግዳ የምትቀበለው እሷ ናት። ቀና ብላ «ቦንጆርኖ» ስትል ሰውየው ኮፍያውን ያወልቃል። እኔ ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ።

ያንን መስመር መሙላት ያቃተው ሰው ሁሉ የሷን ስም ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ በራሷ ፈቃድ ነው የጀመረችው። አንድ ሽማግሌ ጣሊያን የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ መሞታቸውን ተናግሮ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ጊዜ ወደኔ ዞረች።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በኔ ስም ይሂድ በቃ። ምን አለበት?»

«ስልክ የለሽማ» አልኳት።

«ከቤታችን ሥር ካለው ባር ይጠሩኛል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥለኝ። የኔ ቤት ማይ ተመናይ ነው፤ የመንግሥት ቤት፣ ከነስልኩ። ጥቁር ስልክ። በዳንቴል ሸፍኜው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት በቀር የሚደውልበት አልነበረም። በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬ አንድም ሰው «ቤት አለሽ ወይ?» ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም። እሷ ስልክ የላትም። ከቤታቸው ሥር ባለው ባር ይደወላል፤ የባሩ ባለቤት፣ ወፍራም ሴት፣ በር ላይ ወጥታ ወደ ፎቅ ትጣራለች፤ ሰፈሩ ተቀባብሎ ይጣራላታል። ስልክ ያለኝ እኔ፣ የሚደወልላት እሷ!

ከዚያ ወዲያ ለምዶ ቀረ። የምትሄደው መኪና ሁሉ በሷ ስም ትሄዳለች። ያንን ስም በአማርኛ የሚጽፈው ደግሞ ማን ሆነና? እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ በሚመሰገን ቁም ጽሕፈቴ የሷን ስም፣ የባሩን ስልክ፣ እንደገና የሷን ስም። ቱሪስቶቹ ካገራቸው ፖስት ካርድ ይልኩላታል። ቶሮኒ የሚባለውን ባለለውዝ ከረሜላ ይልኩላታል። አንዷ ሽቶ ልካላታለች። ቶሮኒውን ስትቆርስ ትልቁን ሁልጊዜ ለኔ ትሰጠኝ ነበር፤ እሱም ያናድደኝ ነበር። በልቼ እናደዳለሁ።

ቅናት መሆኑን አውቅ ነበር። ሰው ቅናቱን አያውቅም የሚሉት ውሸት ነው፤ አሳምሮ ያውቀዋል፣ ስም ነው የሚቀይርለት። እኔም «ሥርዓት አልበኝነት» ብዬ ስም አወጣሁለት።

አንድ ቅዳሜ እሷ ለክርስትና ቀረች። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ አሮጌ ሕንፃ በእርሳስ የሚስል ጎልማሳ መኪና ሊወስድ መጣ። ከመስመሩ ሲደርስ እንደ ደንቡ ጣሪያውን አየ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «የኔን ይጻፉ» አልኩት። «ስልክ አለኝ። ቤቴ ውስጥ። ማንንም መጥራት አያስፈልግም።» አመስግኖ ጻፈ። ስሜን በፈረንጅ እጅ ተጽፎ ሳየው እንዴት እንዳማረብኝ! ቁጥሩን ለብቻው በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በእጁ ሰጠሁት። የዚያን ቀን ግልባጭ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው ያሳመርኩት።

እሑድን ሙሉ ከስልኩ አልራቅኩም። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድኩ። ባለቤቴ አንድ ጓደኛው ጋ ሊደውል ሲል «መስመሩን አትያዝብኝ» ብዬ ጮኽኩበት። «ማን ሊደውል ነው?» አለኝ። ዳንቴሉን አንሥቼ አጥቤ መለስኩት። ምሣ አቅርቤ አልበላሁም። የሰውዬው ጎማ እንዲፈነዳ እስከመመኘት ደርሼ ነበር።

ጎማውስ ፈንድቶ ኖሯል። ሰኞ ጧት ቁልፉን ሊመልስ ሲመጣ አልፎኝ በቀጥታ ወደሷ ሄደ፤ እንደ ዘመድ ተሳሳቁ። እሑድ በአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ጎማው ሲፈነዳ ከአንድ ሱቅ ገብቶ ለባሩ ደውሏል። እሷ የባሩን ባለቤት ወንድም ይዛ ደርሳ ጎማ አስቀይራ፣ ከዚያ እናቷ ቤት ወስዳ ምሣ አብልታዋለች። የባሩን ቁጥር የሰጠችው ዐርብ ነው፤ ዋጋ ሊጠይቅ ብቅ ባለ ጊዜ።

«የኔን ወረቀትስ?» አልኩት።

ኪሱን ደባበሰ። ጠፍቶበታል። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በደንብ አድርጎ ነው የጠየቀኝ። እሷም «ውይ ሓፍተይ፣ አንቺም ሰጥተሽው ነበር?» አለችና ከልቧ አዘነችልኝ። ያ ማዘኗ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ቡናማ ጃኬት የሚለብስ ሰው ግልባጮቹን ሊወስድ ይመጣል። ሁልጊዜ ሻሂውን ጠጥቶ፣ ፖስታውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «አዲስ ነገር የለም?» ብሎ ይሄዳል፤ እኛም «የለም» እንለዋለን። ያን ቀን እሷ መኪና ልታስረክብ ደጅ ወጥታ ነበር። «አዲስ ነገር የለም?» አለኝ።

«ምን አዲስ ነገር አለ» አልኩት፣ እየሳቅኩ። «ይህ ሁሉ ፈረንጅ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ አይገርምም?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን አምልጦኝ አይደለም። ሰኞን ሙሉ ሳኝከው ያደርኩት ቃል ነው። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፖስታውን ከፍቶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። እያንዳንዱ ግርጌ ላይ ያ ስም፣ በኔ ጽሕፈት፣ ኩልል ብሎ ይነበባል። አንዱ ላይ ብቻ የኔ አለ፤ እሱን አገላብጦ አየውና አለፈው። ሻሂውን ሳይጨርስ ወጣ።

ረቡዕ እሷ አልመጣችም። ሽማግሌው ባለቤት ከጓዳ ወጥተው ወንበሯን አዩ፣ በሩን አዩ። «ወሰዷት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትናንት ማታ ከባሩ በር ላይ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሰው የሞተር ክዳን ከፍተው ቆሙ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያን ጊዜ ከተወሰደ ሰው ማን እንደሚመለስ ማን እንደማይመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ያንን ሳላውቅ ተናገርኩ ብዬ ልዋሽ አልችልም። የዚያ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀው የነበረውን እኔም አውቄ ነው የተናገርኩት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤቴ ስልኩ ጮኸ። ትሕትና ያለው የወንድ ድምፅ ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ፣ አንዲት የተያዘች ሴት «ተጠሪዬ ናት» ብላ ስምዎን ሰጥታለች፣ ይምጡ አለኝ።

እዚያ ስደርስ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት መኮንን ነበር፤ ያገሬ ልጅ፣ ቋንቋውን ስሰማ ሊያስለቅሰኝ የደረሰ። ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ለፈረንጅ ሁሉ ተጠሪ የምትሆነው ስለ ምንድነው?»

ቅጹን አስረዳሁት። ያ መስመር ካልተሞላ መኪና እንደማይወጣ፣ ሆቴል ሰው እንዳልሆነ፣ ሰዎቹ ማንንም እንደማያውቁ፣ እሷ ሥራው እንዳይበላሽ ብላ ስሟን እንደምትሰጥ። ጎማ ሲፈነዳ ጎማ ታስቀይራለች፣ ሌላ ነገር የላትም አልኩት።

«ታዲያ ጥቆማው ከራሳችሁ ቢሮ ነው የመጣው።»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ቀናሁባት። በምን እንደሆነ ብነግርዎ ይስቁብኛል።»

አልሳቀም። እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሐል እያዞረ «እሷ የርስዎን ስም ስትሰጥ ይህንን ታውቃለች?» አለኝ።

«አታውቅም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደኔ ገፋ፤ በተፈለገች ጊዜ አቀርባለሁ የሚል ነው። «ይፈርሙ» አለኝ፤ «በእንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይጫወቱ።» ፈረምኩ። ያ የሚመሰገን ጽሕፈቴ የማንም አይመስልም ነበር።

ስትወጣ ፀጉሯ ባንድ ጎን ተጣብቆ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። አቀፈችኝ። «የቐንየለይ፣ ሓፍተይ፣ የቐንየለይ» እያለች ደጋግማ ታመሰግነኛለች። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ገዛ ባንዳ አዘገምን። ልንገራት ወይስ አልንገራት እያልኩ ነው የምራመደው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር መስማት አማረኝ። በዚያ ሁሉ ነውሬ ላይ፣ አሁንም ይኼ አማረኝ።

«ከሰው ሁሉ የኔን ስም ለምን ሰጠሽ?» አልኳት።

ቆም ብላ ጫማዋን አጠለቀች። «ተጠሪ አምጪ አሉኝ፤ ሦስት ቀን አሰብኩት» አለች። «የእናቴን ብሰጥ እናቴን ያመጧታል። የባሩን ባለቤት ብል እሷን። ወንድሟን ብል ወንድሟን። ማንን ብዬ? አንቺን ግን ማን ይነካሻል? የመንግሥት ሰው ሚስት ነሽ። ሳልሳሳ የምሰጠው ስም ያንቺ ብቻ ሆነብኝ። ቁጥርሽንም በቃሌ ይዤው ነበር።»

በክፋት አይደለም ያለችው። አማርኛዋ እንደዚያው ቀጥ ያለ ነው፣ ያሰበችውን ነው የምትናገረው። እንዲያውም ተናግራ ስትጨርስ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ባሩ በር ላይ ስንደርስ እልልታ ሆነ። የባሩ ባለቤት ሽርጧን እንደለበሰች ሮጣ አቀፈቻት። እናቷ ከፎቅ ስትወርድ ነጠላዋ ደረጃው ላይ ቀረ። ወንድምየው፣ ጎረቤቱ፣ ጥግ ላይ ያለው ጫማ ሰፊ፣ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በየተራ ይስሟታል፣ ፊቷን ይዳብሳሉ። አንድ ሰው ሻሂ አስያዘኝ፤ «የቢሮ መሓዛዋ፣ ጓደኛዋ ናት» ተባባሉና ተመለሱ ወደሷ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ብርጭቆዬን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱን፣ አንዱን እንኳ አሳልፋ አልሰጠችም። ሦስት ቀን ተጠይቃ ስማቸውን አፏ ላይ አላመጣችውም። የወፍራሟን ሴት፣ የጫማ ሰፊውን፣ የካርታ ተጫዋቾቹን ፊት አንድ ባንድ አየሁ፤ አንድ ባንድም ቀናሁባቸው።

እንዳልነገርኳት ቀረሁ። ሻሂውን ጨርሼ፣ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ አውቶቡስ ይዤ ቤቴ ገባሁ።